ዕጢ ውስጥ የገባ የመከላከያ ሴል በምን ይተርፋል?

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ስለ በሽታ መከላከያ ሴሎች ስናወራ የምናወራው ሁልጊዜ ስለ ጦርነት ነው። ገቡ፣ አገኙ፣ ገደሉ እንላለን። የገቡበት ቦታ ምን እንደሚመስል ግን ብዙም አናነሳም።

የምንተነፍሰው አየር 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። ጤነኛ የሰውነት ክፍሎች ጋ ሲደርስ በአብዛኛው ከ3 እስከ 7 በመቶ ይሆናል። የካንሰር ዕጢ ውስጥ ደግሞ ከ2 በመቶ በታች የሚወርድባቸው ቦታዎች ብዙ ናቸው። ኦክስጅን ከደም ስር ወጥቶ የሚደርሰው ከ100 እስከ 200 ማይክሮሜትር ድረስ ብቻ ነው። ዕጢው ግን ደም ስሮቹን ቀድሞ ያድጋል። አሲዱም አለ። የደም ፒኤች (ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) 7.4 አካባቢ ነው፤ ዕጢ ውስጥ በሴሎቹ ዙሪያ ያለው ፈሳሽ እስከ 6.5 ሊወርድ ይችላል። ላክቴት፣ ማለትም ግሉኮስ ያለ ኦክስጅን ሲሰበር የሚተርፈው ነገር፣ በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በሊትር ከ1 እስከ 2 ሚሊሞል ነው፤ ዕጢ ውስጥ ከ10 በላይ ሆኖ መገኘቱ የተለመደ ነው። የተቆጣ መገጣጠሚያም ሆነ መግል የቋጠረ እባጭ ከዚህ ብዙ አይርቁም።

እዚያ የገባ ሴል ምን ይበላል? ኦክስጅን ሳያገኝ እንዴት ይቆያል? ደግሞስ ከተረፈ በኋላ የመጣበትን ሥራ ይሠራል?

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ክሩ ከጠበቅኩት በላይ ስለረዘመ፣ አሁን ለምትገቡ ሰዎች የመጡትን መልሶች በቁጥራቸው እተርካለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም።

ምላሽ 1። የባዮሎጂ ተማሪ ነኝ ያለች ልጅ ቀድማ ገባች። በኒውትሮፊል መጀመሯን ወድጄላታለሁ። ኒውትሮፊል ኢንፌክሽን ያለበት ቦታ ቀድሞ የሚደርሰው ነጭ የደም ሴል ነው። ማይቶኮንድሪያው፣ ማለትም በኦክስጅን ጉልበት የሚያመነጨው የሴሉ ክፍል፣ ጥቂት ነው። ጉልበቱን የሚያገኘው በአብዛኛው ግሉኮስን ኦክስጅን በማይፈልገው መንገድ ሰብሮ ነው። ስለዚህ ኦክስጅን ቢያጥረውም ሥራው አይቆምም። ቀጥላ ኤችአይኤፍ የሚባለውን ፕሮቲን አስረዳች። ኦክስጅን ሲኖር ኢንዛይሞች ኤችአይኤፍ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፤ ቪኤችኤል የሚባለው ፕሮቲን ምልክቱን ለይቶ እንዲፈርስ ያደርገዋል። ኦክስጅን ሲጠፋ ምልክት የሚያደርግበት የለም። ኤችአይኤፍ ይጠራቀምና ወደ ኒውክሊየስ ይገባል። እዚያም ግሉኮስን የሚያስገቡና የሚሰብሩ፣ አዲስ ደም ስርም የሚያስበቅሉ ጂኖችን ያስነሳል። ዊልያም ኬሊን፣ ፒተር ራትክሊፍና ግሬግ ሴሜንዛ እ.ኤ.አ. በ2019 ኖቤል የተሸለሙት ሴሎች ኦክስጅንን እንዴት እንደሚለኩና ከመጠኑ ጋር እንዴት እንደሚስማሙ በማሳየታቸው ነው።

ምላሽ 2። ተማሪዋን አመስግኖ አንድ ነገር ጠየቀ። ኒውትሮፊል ደም ውስጥ የሚኖረው አንድ ቀን ገደማ ከሆነ፣ ስለ መትረፉ ማውራት ምን ትርጉም አለው? ጨዋ ጥያቄ ነበር፤ ጥሩ መልስም አስገኘ።

ምላሽ 3። ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ላይ እንደሚሠራ የገለጸ ተመራማሪ መለሰ። ኒውትሮፊል ሲወለድ ጀምሮ ራሱን የማጥፋት ፕሮግራም ይዞ ነው የሚወጣው። የተቆጣ ቦታ ሲገባ ግን ይህ ፕሮግራም ይዘገያል። የሚያዘገየው አንደኛው ነገር ራሱ የኦክስጅን እጥረት ነው፤ ኤችአይኤፍ ሲጠራቀም ሞቱ ወደ ኋላ ይገፋል። ሁለተኛው በአካባቢው ያሉ ሴሎች የሚለቋቸው እንደ ጂኤም-ሲኤስኤፍ ያሉ መልእክቶች ናቸው። ኒውትሮፊል ግላይኮጅንም ያጠራቅማል፤ ውጭ ግሉኮስ ሲጠፋ ከዚያ ይመነዝራል። ተመራማሪው ግን እዚህ ላይ አላቆመም። የኒውትሮፊል ዕድሜ መርዘሙ ሁልጊዜ በጎ እንዳልሆነ አጥብቆ ተናገረ። ብግነት እንዲበርድ ኒውትሮፊሎች በጊዜያቸው ሞተው ማክሮፋጆች (ጀርምና የሞተ ሴል የሚውጡ የመከላከያ ሴሎች) ሊበሏቸው ይገባል። እምቢ ብለው ከቆዩ፣ ለጀርም ያዘጋጁት ኢንዛይም የራሳችንን አካል ይበላል።

ምላሽ 4። ይህን ምላሽ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። በሕክምና ላብራቶሪ ረጅም ጊዜ የሠሩ ሰው ናቸው የጻፉት። በባክቴሪያ ማጅራት ገትር የተያዘ ሰው የህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ሲመጣላቸው፣ ገና ቲዩቡን ወደ ብርሃን ሲያነሱት ደፍርሶ ይታያል። ግሉኮሱ ሲለካ ወርዶ ይገኛል። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ኒውትሮፊሎቹ ኒውክሊየሳቸው ሦስት አራት ቦታ ተቋጥሮ ይታያል። አንዳንዶቹ ባክቴሪያ ውጠዋል። ሌሎቹ ደግሞ ኒውክሊየሳቸው ተኮማትሮ አንዲት ጥቁር ክብ ነጥብ ሆኗል፤ እነዚህ እየሞቱ ያሉት ናቸው። ሁለቱም በአንድ ስላይድ፣ ጎን ለጎን።

ከዚያ ለጥያቄዬ ቀጥተኛ መልስ የሆነውን ነገር ጨመሩ። ብዙ ነጭ ሴል ያለበት ናሙና ጠረጴዛ ላይ ከቆየ ግሉኮሱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሴሎቹ ከሰውነት ወጥተውም ቲዩቡ ውስጥ ሆነው ይበላሉ። ለዚህ ነው ግሉኮስ ለመለካት ፍሎራይድ ያለበት ቲዩብ የሚመረጠው፤ ፍሎራይዱ የግሉኮሱን መሰበር ያስቆማል። ቶሎ ይለካ ብለው ዘወትር የሚጨቀጭቁትም ለዚሁ ነው አሉ።

ምላሽ 5። ወሬው እዚህ ላይ ሌላ አቅጣጫ ያዘ። አንዲት ሴት ካንሰር አሲድ ይወዳል ከተባለ አልካላይን (አሲድን የሚያበርድ) ውሃ ብንጠጣ አይሻልም ወይ አለች። የምታውቀው ሰው እየጠጣ እንደሆነም ጨመረች።

ምላሽ 6። ቆጣ ያለ መልስ ነው። ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ክልል የሚቆየው ሳንባና ኩላሊት ስለሚጠብቁት ነው፤ የተጠጣው ውሃ ቢበዛ የሽንትን ፒኤች ይቀይር ይሆናል አለ። የዕጢው አሲድ ከምግብ አልመጣም፤ እዚያው ዕጢው ውስጥ ነው የሚመረተው። እስከዚህ ልክ ነበር። ከዚያ ግን ሳያነቡ የሚጽፉ ሰዎች የታመመ ሰው ይገድላሉ ብሎ ጨረሰ። እንዲህ ማለት አያስፈልግም ነበር።

ምላሽ 7። ተማሪዋ ተመልሳ ሁለቱን አስታረቀች፤ በመረጃ ነው ያስታረቀቻቸው። አይጦች ባይካርቦኔት በብዛት ተሰጥቷቸው የዕጢያቸው አሲድ የቀነሰበት፣ የኢሚውን ሕክምናውም (የራስን መከላከያ ሴሎች በካንሰሩ ላይ የሚያነሳሳው) የተሻለ የሠራበት ጥናት አለ አለች። ስለዚህ አሲዱን መቀነስ የሚለው ሐሳብ በራሱ የሚናቅ አይደለም። ችግሩ ለሰው ሲሰላ መጠኑ ከባድ መሆኑ ነው፤ ከሱቅ የሚገዛ ውሃ ደግሞ ወደዚያ አይጠጋም። ባለ 5 ቁጥሯ አመሰገነች። ባለ 6 ቁጥሩ ዝም አለ።

ምላሽ 8። ወደ ዕጢው መለሰን። ጀርመናዊው ኦቶ ቫርቡርግ በ1920ዎቹ ያየውን አስታወሰ። የካንሰር ሴሎች ኦክስጅን እያለ እንኳን ግሉኮስን ወደ ላክቴት ይቀይራሉ። ከዚያ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡ ሥራዎችን ጠቀሰ። በእነዚያ መሠረት የካንሰር ሴሎች ግሉኮሱን ቀድመው ስለሚሻሙ ቲ ሴሎች (የታመመን ሴል ለይተው የሚያጠቁ ነጭ የደም ሴሎች) ይራባሉ፤ የተራበ ቲ ሴል ደግሞ ጠላቱ ፊቱ ቆሞ እያየ መሣሪያውን ማምረት ያቅተዋል።

ምላሽ 9። ይህ ታሪክ ግማሽ ነው ብሎ አረመው። እ.ኤ.አ. በ2021 አይጦች ላይ በተሠራ ጥናት፣ ዕጢ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ የሴል ዓይነት ምን ያህል ግሉኮስ እንደሚወስድ ተለክቷል። በነፍስ ወከፍ ሲታይ ግሉኮሱን በብዛት የወሰዱት የካንሰር ሴሎች አልነበሩም። ማክሮፋጆችና ዘመዶቻቸው ነበሩ። የካንሰር ሴሎቹ ቀዳሚ የሆኑት ግሉታሚን የሚባለውን አሚኖ አሲድ በመውሰድ ነው። እያንዳንዱ ሴል የሚወስደውን የሚወስነው በውስጡ ባለው ፕሮግራም ነው እንጂ በሽሚያ ብቻ አይደለም። ለእኔ ይህ ምላሽ ሙሉ ክሩን አዙሮታል። ከዚያ በፊት ዕጢውን አንድ ሆዳም ጠላት አድርገን ነበር የምናየው።

ምላሽ 10። በዚህ ላይ አንዲት ሴት የቤተሰቧን ታሪክ አመጣች። ዘመዷ ፔት ስካን ተነስቶ አንድ ቦታ ደምቆ ታየ። ቤተሰቡ ካንሰሩ ተመለሰ ብሎ ለቀስተኛ ሆነ። ናሙና ሲወሰድ ግን ብግነት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ማንም ምክንያቱን አላስረዳቸውም፤ ዛሬ ገባኝ አለች። ስካኑ የሚያሳየው ግሉኮስ የሚመስል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር የት እንደተጠራቀመ ነው። የተቆጡ ማክሮፋጆችና ኒውትሮፊሎችም ይወስዱታል። መድመቁ በራሱ ካንሰር ማለት አይደለም።

ምላሽ 11። የላብራቶሪው ሰው አንድ መስመር ጻፉ፤ እግዚአብሔር ይመስገን የሚል።

ምላሽ 12። ዕጢ ውስጥ ገብተው የማይጎዱትን ሴሎች አነሳ። ተቆጣጣሪ ቲ ሴሎች ሌሎቹን የሚያበርዱ፣ ሰውነት ራሱን እንዳያጠቃ የሚጠብቁ ናቸው። እነዚህ ዕጢ ውስጥ ይመቻቸዋል። ላክቴትን ማገዶ ያደርጉታል። ሲዲ36 በሚባል በር ቅባት ያስገባሉ፤ አይጦች ላይ ይህ በር ሲዘጋባቸው ዕጢ ውስጥ ያሉት ቁጥራቸው ቀነሰ፣ ሌላው አካል ላይ ያሉት ግን ብዙም አልተነኩም። ጸሐፊው እዚህ ላይ ደስ የሚል ነጥብ አወጣ። ዕጢው የሚያበርዱትን ሴሎች ጠርቶ ብቻ አይደለም የሚያበዛው፤ እነሱ ብቻ የሚመቻቸው ቦታ ይሆናል።

ምላሽ 13። ላክቴት ታዲያ ሌሎቹን ለምን ይጎዳል ብሎ ጠየቀ። መልሱን ራሱ ፈልጎ አመጣ፤ እንዲህ ዓይነት ሰው እወዳለሁ። ገዳይ ቲ ሴል ሥራ ላይ ሲሆን ግሉኮስ በብዛት ይሰብራል፤ ላክቴት ይመረታል፤ ያንን ወደ ውጭ ማስወጣት አለበት። ውጭው በላክቴትና በአሲድ ከተሞላ መውጫው ይዘጋል። ከዚያ ግሉኮስ መስበሩም ይቆማል። ስለዚህ ግሉኮስ በአጠገቡ ቢኖር እንኳን ሊጠቀምበት አይችልም። ይህ የ9ኛውን ምላሽ ይደግፋል፤ ችግሩ የምግብ እጥረት ብቻ አለመሆኑን ያሳያል።

ምላሽ 14። ክርክሩ ከዚህ ጀምሮ ጋለ። አንድ በጣም እርግጠኛ የሆነ ሰው ገብቶ ስለ መትረፍ ማውራታችንን አጣጣለ። ዕጢ ውስጥ ያሉ ቲ ሴሎች የዛሉ ናቸው፤ ፒዲ-1ን ጨምሮ የማቆሚያ ምልክቶች ሞልተውባቸዋል፤ አይገድሉም፣ አይባዙም። ሞተው ያልተቀበሩ ናቸው አለ።

ምላሽ 15። እኔ የቆምኩት ከዚህ ምላሽ ጎን ነው። መዛል መጀመሪያ በደንብ የተጠናው ካንሰር ላይ አይደለም፤ አይጦችን ለረጅም ጊዜ በሚይዝ ቫይረስ ላይ ነው ብሎ ጀመረ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡትን የቶክስ ጥናቶች አመጣ። ቶክስ ቲ ሴል ሲዝል የሚነሳ፣ የመዛሉን ፕሮግራም የሚመራ ፕሮቲን ነው። ተመራማሪዎች ቶክስን ሲያጠፉ ምን ጠበቁ? የማይዝል ብርቱ ሴል። ረጅም ኢንፌክሽን ላይ ሴሎቹ መጀመሪያ እውነትም በረቱ። ግን አልቆዩም። ቁጥራቸው እየመነመነ ጠፉ። ያ ማለት መዛል የሚባለው ነገር ሴሉ ማባሪያ በሌለው ቅስቀሳ ውስጥ ሳይሞት የሚቆይበት መንገድ ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይኖራል።

ምላሽ 16። ባለ 14 ቁጥሩ አልተቀበለም። መኖር ብቻውን ለታማሚው ምን ይፈይዳል፤ የአይጥ ቫይረስና የሰው ካንሰር ምን አገናኘው አለ። 15ኛውን መጽሐፍ እንጂ ታካሚ አይቶ እንደማያውቅ ሰው ቆጠረው። ቃሉ ሻካራ ነበር። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው፤ መጀመሪያ የጠየቅኩትም እሱኑ ነው።

ምላሽ 17። ሁለቱንም ያዳመጠ ሰው መለሰ። የዛሉ ቲ ሴሎች ሁሉ አንድ አይደሉም። ከመካከላቸው ቲሲኤፍ-1 የሚባል ፕሮቲን የያዙ ጥቂቶች አሉ። እነሱ አሁንም ይባዛሉ፤ ከእነሱ ሌሎቹ ይወለዳሉ። የፒዲ-1 ማገጃ መድኃኒት ሲሰጥ በዋናነት የሚነሱት እነዚህ ናቸው። ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ እ.ኤ.አ. በ2018 ኖቤል ያገኙበት የሕክምና መንገድ የሚሠራው በሕይወት የጠበቀው ሴል ስላለ ነው። ሁሉም ሞተው ቢሆን መድኃኒቱ የሚቀሰቅሰው አያገኝም ነበር። ባለ 14 ቁጥሩ በዚህ ተስማማ፤ ሙሉ በሙሉ የዛሉት ግን ወደ ኋላ አይመለሱም የሚለውን አልለቀቀም። ለዚያ ደግሞ በቂ ማስረጃ አለው።

ምላሽ 18። የሴሉን ውስጥ ከፈተልን። ዕጢ ውስጥ የገቡ ቲ ሴሎች ማይቶኮንድሪያቸው እየቀነሰ ይሄዳል፤ አዲስ ማይቶኮንድሪያ የሚያሠራው ፒጂሲ-1 አልፋ የሚባለው ፕሮቲን ይወርድባቸዋል። በአይጦች ይህን ፕሮቲን መልሰው ሲጨምሩላቸው ሴሎቹ ዕጢውን በተሻለ ተቋቁመዋል። የእንቁላል እጢ (ኦቫሪ) ካንሰር ያለባቸው ሴቶች ሆድ ውስጥ በሚጠራቀመው ውሃ ደግሞ ሌላ ችግር ታይቷል። ቲ ሴሎቹ እዚያ ግሉኮስ ማስገባት ያቅታቸዋል፤ ፕሮቲን የሚታጠፍበት የሴሉ ክፍል ይጨናነቃል። ያኔ ኤክስቢፒ1 የሚባል የማስጠንቀቂያ ፕሮቲን ይነሳል። ለአጭር ጊዜ ሲነሳ ሴልን የሚያድን ነው። ሳይጠፋ ሲቆይ ግን የማይቶኮንድሪያውን ሥራ ያዳክማል። ያው የ3ኛው ምላሽ ነገር ነው፤ ለማትረፍ የተሠራው ስልት ጊዜው ሲያልፍ ይጎዳል።

ምላሽ 19። ትኩሳትስ ብላ አንዲት ነርስ ጠየቀች። ከርዕስ የወጣች መስሏት ይቅርታም ጠየቀች። አልወጣችም። ብግነት ላይ የሚሠራው ተመራማሪ ተመልሶ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ሥራ ነገራት። ቲ ሴሎች በ37 ፈንታ በ39 ዲግሪ ሲቆዩ ሥራቸው ይጨምራል። ከእነሱ መካከል ቲኤች1 የሚባሉት ግን ማይቶኮንድሪያቸው ይጎዳል፤ ዲኤንኤያቸውም ይሰበራል። ብዙዎቹ ይሞታሉ። የተረፉት ማይቶኮንድሪያቸው በዝቶ፣ ሥራቸውም በርትቶ ይወጣሉ። ነርሷ ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ በመድኃኒት ማብረድ ስህተት ነው ማለት ነው ወይ አለች። ከዚያ የተነሳው ክርክር ብዙ ምላሽ በላ፤ ሌላ ክር ይበቃዋል።

ምላሽ 24። በዝምታ ሲከታተል የቆየ ሰው ክፉኛ ሞገተን። የምታወሩት አብዛኛው ነገር የመጣው ሴል ከሚያድግበት የላብራቶሪ ሳህን ነው አለ። ለሴል ማሳደጊያ የሚፈስሰው ፈሳሽ ግሉኮሱ እንደ ዓይነቱ በሊትር 11 ወይም 25 ሚሊሞል ነው። የጾመ ጤነኛ ሰው ደም ወደ 5 ነው። ማሞቂያ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ኦክስጅንም ከተራ አየር ብዙ አይለይም። በጥጋብ ያደገን ሴል አይታችሁ ስለ ረሃብ ትደመድማላችሁ አለ። የቃላቱ አመራረጥ ባይጥመኝም ነጥቡን ማንም ሊያስተባብል አልቻለም። የላብራቶሪው ሰው ብቻ፣ ለዚህ ነው ከታማሚ የወጣ ፈሳሽ ወዲያው መታየት ያለበት ብለው ጨመሩ።

ምላሽ 25። አባቱ ሕክምና ላይ ያለ ልጅ ገባ። ይህን ሁሉ አንብቤ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ስኳር ላስቁመው አለ። ሁሉም ባንድ አፍ አይሆንም አሉት፤ ባለ 14 ቁጥሩና ባለ 15 ቁጥሩ የተስማሙበት ብቸኛው ቦታ ይህ ሳይሆን አይቀርም። ስኳር ቢያቆሙም ጉበት ግሉኮስ ሠርቶ ደሙን ይሞላል። ያለ ሐኪም ምክር የሚራብ ታማሚ የሚያጣው ጡንቻውን ነው። ነርሷ የአባቱን ክብደት በየጊዜው እንዲመዝንና ከቀነሰ ለሚያክሙት እንዲነግራቸው መከረችው። አባቱን እግዜር ይማርልን።

ምላሽ 26። ሕክምናው የት ደርሷል የሚለውን የመለሰ ነው። መጀመሪያ ያልሠራውን ነገረን፤ ይህንን አከብርለታለሁ። ዕጢ ውስጥ አይዲኦ የሚባል ኢንዛይም ትሪፕቶፋን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ይፈጃል፤ ቲ ሴሎች ይጎዳሉ። ኢንዛይሙን የሚያግደው ኤፓካዶስታት ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ትልቁ የሜላኖማ (የቆዳ ካንሰር ዓይነት) ሙከራ ውጤት አላመጣም። ካር-ቲ ሴሎች (ካንሰርን እንዲለዩ ላብራቶሪ ውስጥ የተለወጡ ቲ ሴሎች) እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለደም ካንሰሮች ተፈቅደዋል፤ ጠጣር ዕጢ ላይ ግን ይቸገራሉ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ እዚህ ስናወራበት የቆየነው አካባቢ ነው። ከዚያ የሠራውን አመጣ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 አሜሪካ ውስጥ ሊፊሉሴል ለሜላኖማ ተፈቀደ። ከታማሚው ዕጢ ውስጥ ቲ ሴሎች ይወጣሉ፣ ውጭ በብዛት ይባዛሉ፣ ወደ ታማሚው ይመለሳሉ።

ምላሽ 27። ባለ 14 ቁጥሩ ይህን አንብቦ፣ እነዚያ የወጡት ሴሎች እኔ ሞተዋል ያልኳቸው ናቸው ማለት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ባለ 15 ቁጥሩ አዎ፣ ጥቂቶቹ አለ። ከዚህ ሌላ ምንም አልጨመረበትም፤ በዚያ ግለት ውስጥ ይህ ትልቅ ጨዋነት ነው።

ምላሽ 28። ቀላል ሕክምና እንዳይመስላችሁ ብላ ነርሷ አስጠነቀቀች። ሴሎቹ ከመመለሳቸው በፊት ታማሚው ያሉትን ሊምፎሳይቶች (ቲ ሴሎችና መሰሎቻቸው) የሚጠርግ ኬሞ ይወስዳል፤ ከተመለሱ በኋላም ቲ ሴሎችን የሚያበረታው ኢንተርሉኪን-2 ይሰጠዋል። ሁለቱም ሰውነትን ይፈትናሉ፤ ሁሉም ታማሚ አይችለውም።

ምላሽ 29። እስካሁን የመጨረሻው ነው። ተማሪዋ ናት። ውጭ በምቾት የበዙት ሴሎች ተመልሰው የሚገቡት ያው ኦክስጅን የሌለበት፣ አሲድ የሞላበት ቦታ ነው። ታዲያ ከመመለሳቸው በፊት በ18ኛው ምላሽ እንደተባለው ማይቶኮንድሪያቸውን ማጠንከር፣ ወይም ገና ውጭ ሳሉ ኦክስጅኑን እየቀነሱ ማለማመድ አይቻልም ወይ? ባለ 24 ቁጥሩን በስሙ ጠርታ ነው የጠየቀችው። መልሱን እየጠበቅን ነው፤ የምታውቁ ካላችሁም ግቡበት።